ይቅርታ የሚያበዛው መሰላል

ሰፈራችን ውስጥ አምፖል የተቃጠለበት ሰው ሱቅ ሄዶ አዲስ ከገዛ በኋላ ቀጥሎ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር።

"መሰላሉ አለ?"

እናቴም ከውስጥ ሆና፣ "አለ፣ እየበላ ነው፤ ትንሽ ጠብቁት" ትላለች። መሰላሉ እኔ ነኝ።

እንዲህ የሆንኩት በአንድ የትምህርት ቤት እረፍት ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሰልፍ ላይ መሃል የምቆም፣ ማንም ልብ የማይለኝ ልጅ ነበርኩ። ሲከፈት ከርዕሰ መምህሩ በላይ ሆኜ መጣሁ። ማንንም ሳላማክር ነው ያደግኩት። ሱሪዬ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር ተጣላ፣ እጄ ከሹራቤ ወጥቶ ተንጠለጠለ፤ ድምፄ ግን እዚያው ቀረ። ስልክ ሳነሳ ሰዎች፣ "የኔ ቆንጆ፣ እስቲ እናትሽን አቅርቢልኝ" ይሉኝ ነበር። እኔም እርማት መስጠት ስለሚያሳፍረኝ፣ "እሺ፣ አሁን አቀርባታለሁ" ብዬ እሰጣት ነበር።

ሌላው ሰው ረጅም ሲሆን ደረቱን ይነፋል። እኔ ግን የሰው ቦታ የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር። ፊልም ቤት ከኋላዬ ያለው ሰው ሳይናገረኝ ወንበሬ ላይ እንሸራተታለሁ። ፎቶ ሲነሱ ራሴ እንዳይቆረጥ ጉልበቴን አጥፌ እቆማለሁ፤ የቤተሰባችን አልበም ውስጥ ሁልጊዜ ሽንት የያዘው የሚመስለው ልጅ እኔ ነኝ። ከአፌ የማይለየው ቃል ደግሞ "ይቅርታ" ነበር። ለሰው ብቻ አይደለም። የሳሎናችን በር ጉበን ግንባሬን ሲለኝ ለጉበኑም ይቅርታ ብያለሁ። እህቴ ምስክር ናት፤ እስከዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ትመሰክራለች።

እህቴን ላስተዋውቅ። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ቁመቷ ግን ትከሻዬ ጋ ነው። ቤታችን ውስጥ "አለቃ" የምንለው አባታችንን ሳይሆን እሷን ነው። አባቴ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕዝብ ሲያዝዘው ስለሚውል ቤት ሲገባ አለቃ መሆን አይፈልግም። እናቴ ደግሞ የመንገድ ዳሩን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋዋለች፤ ሁለት ካስክ፣ አንድ መታጠቢያ፣ ግድግዳውን የሚሞላ መስታወት። በዚያ መስታወት ላይ ከአንገቴ በታች ብቻ ነው የምታየው።

እህቴ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። ነበረች ስል ዝም ብላ የምታንጠባጥብ ማለቴ አይደለም። ኳሷ ከእጇ ስትወጣ አውቃው የምትሄድበት ቤት ያላት ነበር የምትመስለው። የትምህርት ቤት ልምምድ ስላልበቃት፣ አንድ ቀን የአሮጌውን ቁም ሳጥን በር ነቅላ ከፀጉር ቤቱ የጓሮ ግድግዳ ላይ በሚስማር መታችው። በላዩ ላይ ሽቦው የወለቀለት የብስክሌት ቸርኬ አሰረች። ቁም ሳጥኑ ከዚያ ወዲህ ያለ በር ነው የሚኖረው።

ሕጉ ቀላል ነበር። እሷ ትወረውራለች፣ እኔ አነሳለሁ። የእኔ ተራ የሚደርሰው እሷ ሲደክማት ነው። አይደክማትም።

እንዲህ ስል ግን አንድ ነገር ሳላውቀው እየተማርኩ ነበር። ኳስ ስትስት ወዴት እንደምትሄድ። ከቀኝ የተወረወረች ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ትሸሻለች። ከሩቅ የመጣች ሩቅ ትነጥራለች። ቸርኬው ላይ ሁለቴ የዘለለች ደግሞ ጉልበቷ አልቆ እግርህ ሥር ትወድቃለች። ይህን ያወቅኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ኳሷ አጥር ከዘለለች የጡረተኛው ጎረቤታችን ግቢ ትገባለች፣ እዚያ ደግሞ ውሻ አለ። ውሻውን ፍራቻ ነው የተማርኩት።

ኳሷ ግድግዳውን በመታች ቁጥር በዚያኛው በኩል መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት፣ የእናቴ የዘወትር ደንበኛ፣ ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ እንደተቀመጠች አንድ ቀን ደረቷን ይዛ ጮኸች።

"ኧረ ይሄ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ?"

"ውጪ ነው እትዬ" አለች እናቴ፤ "ልጆቹ ናቸው።"

"ተመስገን! እኔ ግፊቴ ተነሳ ብዬ ኑዛዜ እያሰብኩ ነበር እኮ።"

እህቴ ትምህርት ቤቱን ዋንጫ አስበልታ ጨረሰች። ቴክኒክ ኮሌጅ ስትገባ መጀመሪያ የጠየቀችው መኝታ ቤቱን ሳይሆን ሜዳውን ነበር። የስፖርት ክፍሉ ሰውዬ፣ "የሴቶች ቡድን የለንም፤ ከፈለግሽ ግን ደጋፊ መሆን ትችያለሽ" አላት። ቤት መጥታ ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። ኳሷን በር የሌለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠቻት። ኤሌክትሪክ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ሥራ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር መዞር ጀመርኩ። እሷ ኤሌክትሪሺያን፣ እኔ ረዳት ተብዬ ነበር፤ ግን ሰዉ በደንብ ያውቀኝ ስለነበር፣ "ውይ፣ መሰላሏን ይዛ መጣች" ነበር የሚለው።

ከዚያ እኔም እዚያው ኮሌጅ ገባሁ፤ ቅየሳ ለመማር። መሬት ሲለካ ቁጥር የተፃፈበት ረጅም ዘንግ ይዞ ከሩቅ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። የክፍሌ ልጆች በመጀመሪያው የሜዳ ልምምድ ቀን ዘንጉን ረስተው መጡ። ተያዩ፣ ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። አስተማሪው ነው ያስጣለኝ።

የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ ያገኘኝ ካፍቴሪያ ሰልፍ ላይ ነው። አጭር፣ ድምፁ የተዘጋ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይለየው ሰው ነው። ሳህኔን ይዤ እንደተለመደው ጎብጬ ቆሜያለሁ። ከታች ወደ ላይ አየኝ። ከዚያ፣ ፎቅ ለመግዛት እንደመጣ ሰው፣ አንዴ ዞረኝ።

"ቀና በል እስቲ።"

ቀና አልኩ።

"ገና ቁመት አለ እንዴ?" አለ፤ "በእግዜር! ቅርጫት ኳስ ሜዳ ገብተህ ታውቃለህ?"

"አዎ" አልኩ። ውሸት አልነበረም። ገብቻለሁ፤ ውሃ ይዤ።

"ነገ ጠዋት ጂምናዚየም።"

በማግስቱ ጠዋት ተጫዋቾቹ ሁሉ ቆመው አዲሱን ተአምር ሊያዩ ተሰበሰቡ። ኳስ ሰጡኝ። ወረወርኩ። ኳሷ ከሰሌዳው በላይ አልፋ ከኋላ ባለው መጋረጃ ውስጥ ገባችና ጠፋች። ሁለተኛዋን ወረወርኩ፤ ይቺኛዋ ደግሞ ቀለበቱን አልደረሰችም። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

"ልጄ፣ እስከዛሬ ሜዳ ላይ ምን ስታደርግ ነበር?"

"ኳስ ሳቀብል።"

"ለየትኛው ቡድን?"

"ለእህቴ።"

ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ። በተለይ አንዱ፣ ኳስ አከፋፋዩ፣ "ሬዲዮ" ይሉታል፤ ተኝቶም ይናገራል ይባላል፤ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አሰልጣኙ ግን አልሳቀም። ቁመቴን ሊጥለው አልቻለም፤ እንደ ውድ ግን የማይሠራ ዕቃ፣ "ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል" ብሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ወንበሩ ዝቅተኛ ስለነበር ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሶ ነው ጨዋታ የምከታተለው።

ያ አንድ ቀን የመጣው ሳላስበው ነው። ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር ስንጫወት ከረጃጅሞቻችን አንዱ ታመመ፣ ሌላው በፋውል ወጣ። አሰልጣኙ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከእኔ ሌላ የቀረው ሐኪሙ ነበር። ሐኪሙን ትንሽ ቆየት ብሎ ካየው በኋላ፣ "ግባ" አለኝ።

ገባሁ።  የተመደብኩበት ልጅ ትከሻው የቤታችንን ቁም ሳጥን ያክላል፤ ልዩነቱ በሩ አለመነቀሉ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትስት የት እንደምትወድቅ ገና አየር ላይ ሳለች አወቅኩት። ተንደርድሬ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑም መጣ። ተጋጨን።

"ይቅርታ" አልኩት።

"ችግር የለም ወንድሜ" አለና ኳሷን ይዞ ሄደ።

እንዲህ እየተባባልን ቆየን። ኳሷ የት እንደምትወድቅ አውቃለሁ፣ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቦታ እለቃለሁ፤ በር ላይ ለሽማግሌ እንደሚደረገው። በመጨረሻ ተናደድኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት። የሚቀጥለው ሙከራ ሲስት ዓይኔን ጨፍኜ ዘለልኩና ኳሷን በሙሉ ኃይሌ መታኋት። ሕዝቡ ጮኸ። ዓይኔን ስገልጥ የሚጨበጭበው የእነሱ ደጋፊ ነው። ራሳችን ላይ አግብቻለሁ። ቁም ሳጥኑ መጥቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ግን መሬቷም ቢሆን ለእኔ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ መቆፈር ነበረባት።

ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። ይሰድበኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"ስማ ልጄ፤ ኳሷ የት እንደምትወድቅ ማን ነገረህ?"

"ማንም።"

"እኔ ስንት ዘመን ሳሠለጥን እንዳንተ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ አላየሁም። ስትደርስ ግን እንግዳ ትሆናለህ። ሜዳው እኮ ቤትህ ነው! ሰው ቤትህ ገብቶ ሲገፋህ ይቅርታ ትለዋለህ?"

 እውነቱን ለመናገር፣ እላለሁ።

ቅዳሜ ቤት ስሄድ ቡድኑን ለመተው ቆርጬ ነበር። አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ዛሬ አውቶብሴ ውስጥ ወሬህ ተነሳ" አለ።

"ምን ተባልኩ አባዬ?"

"ሁለት ተማሪዎች ከኋላዬ ቆመው ነው። አንድ ረጅም ልጅ ራሱ ላይ አገባ ብለው በሳቅ ሊሞቱ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"እኔማ እየነዳሁ ሰው አላናግርም።" ካልሲውን አወለቀ። "ትንሽ ግን ሳቅሁ።"

እህቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። አላጽናናችኝም፤ ማጽናናት አትችልበትም። ያደረገችው ከአልጋዬ ላይ ፍራሼን ጎትታ ጓሮ ማውጣት ነበር።

"ጫማህን አድርግ።"

ኳሷን ግድግዳው ላይ እየወረወረች፣ ለማንሳት ስዘል ፍራሹን ይዛ በጎን ትገጨኛለች። በመጀመሪያው ቀን ያቺ ትከሻዬ ጋ የምትደርስ ሴት ስትገጨኝ የአበባው መደብ ውስጥ ስንቴ እንደወደቅኩ እኔና አበባው ብቻ ነን የምናውቀው።

"ስትገጪኝ ምን ላድርግ?"

"ቁም።"

"ቆሜ?"

"ቦታዬ ነው በል።"

"ለማን?"

"ለራስህ! እስኪገባህ ጩህ!"

ጮህኩ። "ቦታዬ ነው!" ድው። "ቦታዬ ነው!" ድው። ከግድግዳው ወዲያ የመድኃኒት ቤቷ እመቤት ከካስኩ ራሷን አውጥታ እናቴን በሹክሹክታ፣ "ልጆቹ በውርስ ተጣሉ እንዴ? ገና በሕይወት እያላችሁ?" ብላ ጠየቀቻት።

በአንዱ እረፍት ላይ አጥሩን ተደግፈን ውሃ ስንጠጣ፣ ሁልጊዜ ልጠይቃት ፈልጌ የምፈራውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

"አለቃ፣ አልቆጨሽም?"

ወዲያው ገባት። ብርጭቆውን አዟዟረችው።

"ቆጭቶኛል። አንድ ሰሞን የኳስ ድምፅ ስሰማ መንገድ እቀይር ነበር።" የቀረውን ውሃ ደፋችው። "አንተ ላይ ደግሞ ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ ቁመት ይዘህ ስትጎብጥ። በል ተነስ፣ ክርንህን ክፈት።"

 ፍራሹ እየመጣ ስለነበር ለማልቀስ አልተመቸኝም።

አባቴም የራሱን አስተዋጽኦ ልጨምር አለ። ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት አውቶብሱ ላይ ተሳፍሬ ከኋላው በር አጠገብ ሳልነቃነቅ እንድቆም አዘዘኝ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ የሕዝብ ማዕበል ሲመጣ ጉልበትህን ዝቅ፣ እግርህን ሰፋ ማድረግ ነው። ችግሩ የመጣው አንዲት ዘንቢል የያዙ አዛውንት ሊወርዱ ሲገፉኝ፣ ከልምምድ ብዛት፣ "ቦታዬ ነው!" ብዬ የጮህኩ ጊዜ ነው። አዛውንቷ በዣንጥላ ጉልበቴን አሉኝ። አባቴ በመስታወት አየና፣ "ለሳቸው ልቀቅ!" አለ በማይክሮፎን። አውቶብሱ ሁሉ ዞረ። የዚያ ቀን ትምህርት የት መቆም፣ የት መልቀቅ እንዳለብኝ ነበር።

ኮሌጅ ተመልሼ ልምምድ ላይ ሬዲዮን ሳላስበው ገጭቼ ጣልኩት። መሬት ወድቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። እጄን ሰጥቼ አነሳሁት።

"ይቅርታ" ልል አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

"ወይ ጉድ!" አለ ሬዲዮ፤ "መሰላሉ ሥር አውጥቷል!"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ የጨዋታ ማለቂያ ላይ እገባ ነበር፤ ቀጥሎ መሃል ላይ፤ በሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁንም ግን የማስቆጥረው ለወሬ አይመችም። ሰው ወርውሮ የሳታትን ለቅሜ ለሬዲዮ እሰጠዋለሁ፤ እሱ እያወራ ያገባታል። ደጋፊዎቻችን "ለቃሚው" አሉኝ። መሰላል ከመባል ዕድገት መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ቀን ጫማዬን ቤት ረስቼ እህቴ ከሥራ ቦታዋ በቀጥታ ይዛልኝ መጣች፤ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ፒንሳዋ ከኪሷ ብቅ ብሎ። ጫማዬን እስካስር ወለሉ ላይ የተኛች ኳስ አነሳች። ከሩቅ ወረወረች። ገባች። ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዳ ደገመች። ገባች። ልምምዱ ቀስ በቀስ ቆሞ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሬዲዮ እንኳን። አሰልጣኙ ፊሽካውን እንደያዘ ቀረባት።

"አንቺ ልጅ፣ እስከዛሬ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ ከተማ። ቡድን የለም ተብዬ ነው።"

 አሰልጣኙ ራሰ በራውን አከከና፣ ቅዳሜ እየመጣች ልጆቹን ውርወራ እንድታሳይ ለመናት።

"ወንዶቹን ብቻ ከሆነ አልመጣም" አለች። "ካፍቴሪያ ሰልፍ ላይ ሴቶችም አሉ እኮ፤ እነሱን ዞረሃቸው ታውቃለህ?"

ሰውዬው የኮሌጁን ቢሮዎች አንኳኳ፣ ተለማመጠ፣ ተጨቃጨቀ። በወሩ መጨረሻ እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ ይዛ ሜዳ ላይ ቆማ ነበር። የፈራችውን ሁሉ "ቦታዬ ነው በይ!" ስትል ሰምቼ ለልጆቹ አዘንኩላቸው።

የኮሌጆች ውድድር ፍጻሜ ላይ የደረስነው በዚያው ዓመት ነው። ተጋጣሚያችን ማን እንደነበር መገመት አያቅትም፤ ያ ጎረቤት ኮሌጅ ከነቁም ሳጥኑ። ሲያየኝ ሳቅ ብሎ፣ "ደህና ነህ ወንድሜ? ዛሬም ታግዘናለህ?" አለኝ። አላገዝኩትም። ጨዋታውን ሁሉ ስንገፋፋ፣ ስንላላጥ ቆይተን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመሩን ነበር። አንዲት የሳተች ኳስ ለቅሜ መልሼ ልወረውር ስል ቁም ሳጥኑ እጄን መታኝ። ዳኛው ነፋ። ሁለት ቅጣት ምት። ለእኔ።

ወንበራችንን ሳየው አሰልጣኙ ፊቱን በፎጣ ሸፍኗል። ሬዲዮ ሜዳው ላይ ቆሞ የሆነ ጸሎት ጀምሯል፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። አንድ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ እኔን ሲያይ እንደ ልማዴ ጉልበቴ መታጠፍ ፈለገ። እህቴ ከደጋፊው መሃል ተነስታ እጇን ወደ ላይ አደረገች፤ ቀና በል ማለቷ ነው። ቀና አልኩ።

የመጀመሪያዋን ወረወርኩ። ሳትኩ።

ሁለተኛዋን ወረወርኩ። ከእጄ ስትወጣ እንደምትስት አወቅኩ፤ የቀለበቱን ግንባር ትመታና ወደ ቀኝ ትመለሳለች። በዓለም ላይ የእኔን ስህተት እንደ እኔ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው የለም። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ሰሌዳው ሥር ሲጋፉ እኔ ቀለበቱን እስክትነካ ጠብቄ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑ ዘግይቶ ደረሰና ጎኔን ገጨኝ። ቆምኩ። ኳሷ እጄ ላይ አረፈች። ሬዲዮ ጸሎቱን አቋርጦ፣ "እዚህ! እዚህ! እዚህ!" አለ። ሰጠሁት። አገባት። ጡሩምባው ጮኸ።

ከዚያ የሆነውን ብዙ አላስታውስም። ሰው ሁሉ ሊሸከመኝ ሞክሮ ከብዶት እንደተወኝ ግን አስታውሳለሁ። ሬዲዮን ተሸከሙት። የኮሌጁ ጋዜጣ ልጅ መጥቶ፣ "ሁለተኛዋን ሆን ብለህ ነው የሳትካት፣ አይደል?" አለኝ። አሰልጣኙ በክርኑ ጎሸመኝ።

"አይ፣ ለማግባት ነበር የሞከርኩት" አልኩ።

በማግስቱ ጋዜጣው ስለ እኔ ሲጽፍ "ትሁቱ ኮከብ" ብሎ ርዕስ ሰጠው። እናቴ ቆርጣ መስታወቷ ጥግ ላይ ለጠፈችው። ለደንበኞቿ "ልጄ ኩራት አያውቅም" ትላለች።

ያን ፍጻሜ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ተቀምጦ ሲያይ ነበር ለካ። አስጠራኝና፣ "የሚያገባ ሰው ሞልቶኛል፤ የሚለቅም ነው ያጣሁት" አለኝ። እንደ ሙገሳ ቆጠርኩት። አሁን ትምህርቴን እየጨረስኩ ለክለቡ እጫወታለሁ፤ ባብዛኛው ከወንበር እየተነሳሁ። የእነሱ ወንበር ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበቴ ከጆሮዬ ርቋል።

ለክለቡ በሜዳችን የመጀመሪያ ጨዋታዬን ሳደርግ እናቴ ፀጉር ቤቱን ዘግታ መጣች። ጨዋታ ሜዳ ገብታ አይታኝ አታውቅም ነበር። የመድኃኒት ቤቷን እመቤትም ይዛት መጣች፤ ፀጉራቸው አንድ ዓይነት ተሠርቷል። እህቴ አልመጣችም፤ የምታሠለጥነው የሴቶች ቡድን የመጀመሪያ ግጥሚያ ያንኑ ቀን ነበረው። አባቴ ወደ እሷ ሄደ፤ ተከፋፍለውናል። እነሱ አሸነፉ። እኛ ተሸነፍን።

ከጨዋታው በኋላ እናቴ ላቤን በሻርፗ ልትጠርግ ሞከረች፤ ደረቴ ጋ ብቻ ነው የደረሰላት። ጎንበስ አልኩላት።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "ኳሷን ያን ያህል ተጋፍተህ፣ ተላልጠህ ካገኘሃት በኋላ ለምንድነው ለሰው የምትሰጠው?"

"እሱ ነዋ የሚያገባው እማዬ።"

"አንተስ?"

"እኔ ብዙ አላገባም።"

የመድኃኒት ቤቷ እመቤት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ብዙማ ምን ያደርግልሃል የኔ ልጅ" አለች፤ "አንዷን ደህና አድርገህ አግባ።"

እናቴ እስክትታጠፍ ሳቀች። እኔ እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ከኋላዬ የቡድን ጓደኞቼ ሰምተው ኖሮ፣ እስካሁን ድረስ ኳስ በሰጡኝ ቁጥር "አንዷን አግባ!" ይሉኛል። እየሞከርኩ ነው።